የወጣቶች ፋንታሲ፦ ግማሹን ወደድኩት፣ ግማሹ አንገሸገሸኝ፤ ለንባብ ክበብ የቱ ይሻላል?

ጦሳ_ሥር፦

ሰላም ጀማው፣ እንዴት ዋላችሁ? ደሴ ላይ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የሚማሩ 12 ልጆች ያሉበት የንባብ ክበብ አለ። ለክረምቱ አንድ የወጣቶች ፋንታሲ ይነበብ ተብሎ ምርጫው እኔ ላይ ወድቋል። ነገሩ፣ ስለዚህ ዘውግ ልቤ ለሁለት ተከፍሏል።

ደግ ደጉን ላስቀድም። እነዚህ መጻሕፍት አንባቢን አያስጠብቁም፤ ሃያኛው ገጽ ላይ ስትደርሱ ልጁ ቤቱን ጥሎ ወጥቷል፣ ወይ ልጅቷ የማይነካ ነገር ነክታለች። ሥልጣን ከማን ይመጣል፣ ለታላቅ መታዘዝስ የት ላይ ያበቃል የሚለውን ጥያቄ ሳይሰብኩ ያነሳሉ። በተረት ያደገ ልጅ ደግሞ ለዓለማቸው እንግዳ አይሆንም።

ክፉ ክፉውም ቀላል አይደለም። አራቱን ያነበበ ሰው አምስተኛውን ሳይከፍት ይተርከዋል፦ ወላጅ አልባ ልጅ፣ አሮጌ ትንቢት፣ መሀል ላይ የሚሞት ጢማም አስተማሪ፣ ለልጅቷ ሁለት መልከ መልካም ወንዶች። ሁሉ ነገር ያለቀ ሲመስል ጡዘቱ ላይ ከየት መጣ የማይባል አዲስ ጉልበት ይፈነዳል። ባለሦስት ክፍል ከሆነ ሁለተኛው ጉዞ ብቻ ነው፤ ይሄዳሉ፣ ይጣላሉ፣ ይሄዳሉ።

የምታውቁ ሰዎች ንገሩኝ። ይሄ ጉድለት የዘውጉ ነው ወይስ የደካማ መጻሕፍት? ሙሉውን ሳላነብ ደህናውን በምን ልለየው? ልጆቹ ኋላ ላይ የራሳቸውን እንዲሞክሩ ስለምፈልግ፣ ወሎ ወሎ የሚሸት ታሪክ ከየት እንደሚጀመርም ብትጨምሩልኝ አልጠላም።

ወልድያ_መደርደሪያ፦

እታለም፣ የዘውጉ አይደለም። ፋንታሲ ከሌላው ልብ ወለድ የሚለየው ጸሐፊው የማይቻለውን የማስቻል መብት ስላለው ነው። ይህን መብት በነፃ ሲጠቀምበት ግጭቱ ይሞታል። ጀግናው ሁሉን ማድረግ ከቻለ ለእሱ የምንሰጋው ስለምን ነው?

መፈተኛው ቀላል ነው። እስከ 60ኛው ገጽ አንብቢና መጽሐፉን ዝጊው። ከዚያ ወረቀት አውጥተሽ አስማቱ ምን ያደርጋል፣ ምን ማድረግ አይችልም፣ የተጠቀመበትንስ ሰው ምን ያስከፍለዋል ብለሽ መልሱን ጻፊ። የመጀመሪያውን ሁሉም መጽሐፍ ይመልሰዋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ባዶ ከቀሩ ያ ያልሽው ፍንዳታ እየመጣ ነው ማለት ነው፤ ገደብ ያልተበጀለት ጉልበት፣ ጸሐፊው መውጫ ሲያጣ ማበጡ አይቀርም።

በ1968 የወጣውን የኧርሱላ ለ ጉዊንን የመጀመሪያውን የኧርዝሲ መጽሐፍ በዚህ ፈትኚው። የአንድን ነገር እውነተኛ ስም ያወቀ ያዘዋል። ገደቡ ግልጽ ነው፣ ስሙን ያላወቀው ነገር አይታዘዝለትም። ዋጋውም አለ፤ እያንዳንዱ ድግምት የዓለሙን ሚዛን ስለሚነካ ትልልቆቹ ጠቢባን ብዙውን ጊዜ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ጌድ የሚባለው ልጅ በእልህና በጉራ ከአቅሙ በላይ የሆነ ድግምት ይሞክርና አንድ ጥላ ይለቅቃል። የቀረው መጽሐፍ ያንን ዕዳ መክፈል ነው። ታሪኩን የሚነዳው የገዛ ጥፋቱ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንቢት ቦታ የለውም። ይህ ሁሉ ከ200 ገጽ ብዙም በማይዘል መጽሐፍ ውስጥ ነው።

ንኔዲ ኦኮራፎር በ2011 ባወጣችው አካታ ዊች ደግሞ ሒሳቡ የሚሠራው በተቃራኒው ነው። አንድ ነገር በትክክል ሲገባሽ ቺቲም የሚባል ገንዘብ ከላይ ይወድቅልሻል። ሀብት የሚገኘው በዕውቀት ነው፤ ሰነፍ አስማተኛ ድሃ ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕሪ ሰኒ አሜሪካ ተወልዳ ናይጄሪያ የምትኖር የ12 ዓመት አልቢኖ ልጅ ናት፤ ሌላው ዓለም ጉድለት የሚለው ነገር በዚያ ማኅበረሰብ ውስጥ የችሎታ ምልክት ነው።

ለጡዘቱ ሌላ መፈተኛ አለ። መጨረሻውን ቀድሞ ማወቅ ካልከበደሽ የኋለኛውን 40 ገጽ አንብቢና ጀግናውን ያዳነው ነገር ቀደም ሲል የት የት እንደተነሣ ፈልጊ። ነገሩ ከመጽሐፉ አጋማሽ በፊት ቢያንስ ሁለት ጊዜ መምጣት አለበት፤ አንዴ እንደ ዋዛ፣ አንዴ ተሞክሮ ከሽፎ። ሲከሽፍ ያላየነው ነገር ሲሠራ አያሳምንም።

ስለ ሁለተኛው ክፍል ያልሽው እውነት ነው፤ ምክንያቱም የታወቀ ነው። አንደኛው ዓለሙን ያስተዋውቃል፣ ሦስተኛው ይቋጫል፣ መሀለኛው ግን ዋናውን ጠላት እንዳይነካ ተከልክሏል። ስለዚህ ልጆቹን ይበትናቸዋል፣ ያሠለጥናቸዋል፣ ያንከራትታቸዋል። በደህና ተከታታይ ውስጥ መሀለኛው እዚያው ተነሥቶ እዚያው የሚዘጋ የራሱ ጥያቄ አለው። የጀርባ ሽፋኑን አንብበሽ ያንን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማውጣት ካቃተሽ መልሰሽ መደርደሪያው ላይ አኑሪው።

ኮምቦልቻ_ቁልቁለት፦

ከላይ የተባለውን እቀበላለሁ፤ በፍቅሩ ጉዳይ ግን ጠያቂዋን እሞግታለሁ። ለ15 ዓመት አንባቢ ፍቅሩ ማጣፈጫ አይደለም፤ ግማሹ መጽሐፉን የሚከፍተው ለእሱ ብሎ ነው። ሁለት ወንድ መኖሩም ነውር የለውም። የሚያበላሸው የቀን ቆጠራው ነው።

የቶሚ አዴዬሚን ቺልድረን ኦፍ ብለድ ኤንድ ቦን (2018) ውሰዱ። ከዮሩባ እምነት የተቀዳ ዓለም፣ ተጨፍጭፎ የጠፋ አስማት፣ የተገደለች እናት፤ መነሻው እንደ ብረት የጠነከረ ነው። ዜሊ የተገዳዮቹ ወገን ናት፣ ኢናን ያስጨፈጨፈው ንጉሥ ልጅ። ሊገድላት ሲያሳድዳት ይቆይና ይዋደዳሉ። ጥላቻው የዓመታት ነው፣ ፍቅሩ የቀናት። ብዙ አንባቢ "ተቻኮለ" የሚለው ይህንን ነው። መለያው እንዲህ ነው፦ በየምዕራፉ ጠርዝ ላይ በታሪኩ ስንተኛው ቀን እንደሆነ በእርሳስ ጻፉ። ከዚያ "ልገድልሽ ነው" እና "ካለ አንቺ አልኖርም" በሚሉት መሀል ያሉትን ቀናት ቁጠሩ። ከአሥር ካነሰ፣ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ አንዱ ለሌላው የከፈለው ከባድ ዋጋ መኖር አለበት። ዋጋም ጊዜም ከሌለ ጸሐፊው መልኩን ብቻ ነው የተማመነው።

ያው መጽሐፍ ሦስት ተራኪ አለው፣ ሦስቱም በአንደኛ መደብ "እኔ" እያሉ ይተርካሉ። ይህ አሁን የዘውጉ ፋሽን ነው። በየምዕራፉ አናት የተጻፈውን ስም በእጃችሁ ሸፍኑና አንድ ገጽ አንብቡ። ማን እየተናገረ እንደሆነ በአነጋገሩ ካልለያችሁት ሦስት ተራኪ አላስፈለገም ነበር። ለክበብ ጥሩ ጨዋታ ይወጣዋል፤ አንዱ ያነባል፣ ሌሎቹ ይገምታሉ።

ልጆቹ ሲጽፉ ግን አንድ ነገር አደራ። የእንግሊዝኛዎቹ በአሁን ጊዜ ግሥ ስለሚተርኩ ያንኑ ወደ አማርኛ ያመጡታል፦ "እሮጣለሁ፣ በሩን እከፍታለሁ፣ እጮኻለሁ።" አንድ ገጽ ላይ ይቻል ይሆናል፤ 200 ገጽ ሲሆን ገጸ ባሕሪው ነገ ሊሠራ ያሰበውን እያወራ ይመስላል። "ሮጥኩ፣ በሩን ከፈትኩት" ይበሉ፣ ፍጥነቱን ዓረፍተ ነገር በማሳጠር ያምጡት።

ትንቢቱን ግን እኔም አልከላከልለትም፤ ሰልችቶኛል።

ጦሳ_ሥር፦

እናመሰግናለን። አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ። ጊዜያችን 8 ሳምንት ነው፣ ማግኘት የምንችለው 4 ቅጂ ብቻ ነው። ልጆቹ እንግሊዝኛቸው እኩል አይደለም። አንዳንድ ወላጆችም "አስማት ነው የምታስተምሯቸው?" ማለት ጀምረዋል። በዚህ ሁሉ መሀል የቱን ልያዝ?

ሸዋበር_መጻሕፍት፦

ልጄ፣ ከርዕሱ በፊት ሒሳቡን እንሥራው። ከ8 ሳምንት የመጀመሪያውን ለመተዋወቂያ፣ የመጨረሻውን ለክርክር ተይው፤ 6 ይቀራል። በሳምንት 50 ገጽ 300 ገጽ ማለት ነው፣ ብታጠብቂው 60፣ ማለትም 360። ከዚያ በላይ የሆነ መጽሐፍ ክበቡን ያፈርሰዋል። ሃሪ ፖተርን ብዙ ክበብ የሚይዘው የመጀመሪያው (1997) በእንግሊዝ እትሙ 223 ገጽ ስለሆነ ነው። አምስተኛው (2003) ግን በዚያው አገር እትም 766 ገጽ ነው። በመጀመሪያው የተሳበ ልጅ ተከታታዩን ልጨርስ ሲል ሜዳ ላይ ተነሥቶ ዳገት ይገጥመዋል።

4 ቅጂ ለ12 ልጅ ይበቃል። ለአንድ ቅጂ ሦስት ልጅ መድቢ፤ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ቀን ይይዘዋል፣ ስድስት ቀን ሞላ፣ በሰባተኛው ትገናኛላችሁ። በቀን 25 ወይም 30 ገጽ ይደርሰዋል። የዚህ አሠራር ችግር መጀመሪያ ያነበበው ልጅ እስከ ስብሰባው አራት ቀን ስለሚቆይ ረስቶት መምጣቱ ነው። ስለዚህ ተራው በየሳምንቱ ይዙር። ሁሉም በደብተሩ ሦስት ነገር ይዞ ይምጣ፦ ከነገጽ ቁጥሩ አንድ የወደደው አንቀጽ፣ አንድ ያልገባው ነገር፣ አንድ ገጸ ባሕሪው ባያደርገው ኖሮ የሚለው ነገር። ክርክሩን የሚለኩሰው ሦስተኛው ነው።

ለእንግሊዝኛው ደረጃ ከመሀል አንድ ገጽ ገልጠሽ ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ። የማያውቀው ቃል በገጠመው ቁጥር አንድ ጣቱን ይጠፍ። አምስት ከሞላ መጽሐፉ ለብቻው ከብዶታል፤ ሁለት ሦስት ከሆነ ይስማማዋል። ግን የተፈጠሩ ስሞችን አትቁጠሩ፤ እነሱ ለእንግሊዙም ልጅ አዲስ ናቸው። ብዙ አስተማሪ እዚህ ላይ ይሳሳትና ፋንታሲን ሁሉ ከባድ ይለዋል።

አሮጌ መጽሐፍ የምትገዙ ከሆነ ጠርዙ ላይ ያለውን የክፍል ቁጥር እዩ። በርካሽ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ክፍል ነው። የመጨረሻውን ገጽ ግለጡ፣ መጽሐፍ ቶሎ የሚገነጠለው ከፊትና ከኋላ ነው። ያላለቀ ተከታታይ ደግሞ ለክበብ አይመከርም። የአዴዬሚ ሁለተኛው ክፍል በ2019 ወጥቶ ሦስተኛው የወጣው በ2024 ነው፤ የመጀመሪያውን በ14 ዓመቱ የጀመረ ልጅ መጨረሻውን በ20 ዓመቱ አነበበው። አሁን አልቋልና ለብቻው ለሚያነብ ችግር የለውም፤ ውፍረቱ ግን ከ500 ገጽ ስለሚያልፍ ለእናንተ አይሆንም።

ወላጆቹን በተመለከተ፣ ወሎ ውስጥ አንድ ክበብ ላይ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ አብሮ ይቀመጣል፤ "አስማት" ሲባል የሁለቱም ወላጅ ግንባር አንድ ላይ ይቋጠራል። ይህንን በክርክር አትፈቺውም። ቀድመሽ ጥሪያቸው፣ መጽሐፉን አሳዪያቸው፣ ከበድ ያለውን ክፍል ራስሽ ንገሪያቸው። አካታ ዊች ውስጥ ልጆችን የሚያግት ነፍሰ ገዳይ አለ፤ ይህን ከአንቺ አፍ መስማታቸውና ከልጃቸው መስማታቸው አንድ አይደለም። የኧርዝሲው በዚህ በኩል ይቀላል፣ ጭብጡ ራስን መግዛት ነውና።

የኔ ምርጫ አካታ ዊች ነው። 350 ገጽ ገደማ ነው፣ በ60 ሒሳብ ይገባል፤ ምልልሱ ብዙ፣ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው። ሰፈሩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ገበያው ለኛ ልጅ ሩቅ አይደለም።

ወልድያ_መደርደሪያ፦

ጋሼ ሸዋበር፣ በሒሳቡ እጅ ሰጥቻለሁ፤ በምርጫው ግን አልስማማም። የኧርዝሲው አጭር ስለሆነ በሳምንት 35 ገጽ ይበቃዋል። ሁለት ጊዜ ማንበብ የሚቻለውም እሱ ብቻ ነው።

ሸዋበር_መጻሕፍት፦

ወንድሜ፣ አጭርነቱ አያታልልህ። ምልልሱ ጥቂት ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ ረጅምና የጥንት ዜማ ያለው ነው፤ የ9ኛ ክፍል ልጅ አንዷ ገጽ ላይ ያንኑ ያህል ይደክማል። ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍሎቹ ብቻ ቢሆን እሺ ባልኩህ። ደግሞ ሴት አንባቢዎቹ አይቀርም፣ ይጠይቁሃል፤ በዚያ መጀመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ጥበቡን የሚማሩት ወንዶች ናቸው።

የሐይቅ_ዳር፦

እኔ ስለ ሦስተኛው ጥያቄ ልናገር። ጀማሪዎች ወሎን ሊጽፉ ሲነሡ ስሙን አምባሰል ብለው ውስጡን በበረዶ፣ በተኩላና በድንጋይ ቤተ መንግሥት ይሞሉታል። ያነበቡት እሱን ስለሆነ አይፈረድባቸውም። መፍትሔው ጌጡን ወሎ ማድረግ አይደለም፣ ሕጉን ወሎ ማድረግ ነው።

ግሸንን ውሰዱ። ነገሥታቱ ዙፋን ሊሻሙ የሚችሉ ወንድ ዘመዶቻቸውን እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ አምባው ላይ ያግዙ ነበር። ንጉሥ ሲሞት ከታጋቾቹ አንዱ ወርዶ ይነግሣል። ያ ሁላችሁም የሰለቻችሁ "የተመረጠው ልጅ" እዚህ ተገልብጦ ነው የሚገኘው፤ የነገሥታት ደም ያለው ልጅ በዚያው ደሙ ምክንያት ይታሰራል። ጀግናው መመረጥን የሚፈራ ልጅ ይሆናል፤ ከታች የፈረስ ኮቴ በሰማ ቁጥር ወይ ሊያነግሡት ወይ ሊገድሉት ነው። ልጆቹን ይህን ጠይቋቸው፦ ስንቅ ማን ያወጣል? ውኃውስ? ደብዳቤ በማን ልብስ ውስጥ ይገባል? ጠባቂው ልጅ ቢኖረውስ? አራት ጥያቄ፣ አራት ምዕራፍ። ቦታው ግን መስከረም 21 ሕዝብ የሚሳለምበት ስለሆነ ለአምባው ሌላ ስም ስጡት፤ ታሪክ ተውሳችሁ ስሙን አክብራችሁ ተዉ።

የሐይቅ እስጢፋኖሱ ሐይቅም አለላችሁ። ትውፊቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እርጉዝ ሴት ግፍ ተፈጸመባት፣ ፈጣሪ ተቆጣ፣ አገሩ ውኃ ሆነ፣ እሷ የተቀመጠችበት ብቻ ደሴት ሆኖ ተረፈ። ይህ የተሟላ የፋንታሲ ሕግ ነው፣ ምክንያት አለው፣ ውጤት አለው፣ ወሰን አለው። የሐይቁ ጥልቀት ከ80 ሜትር በላይ ነው፤ ከተማ ሊደበቅበት ይችላል። እስጢፋኖስ ገዳም ያለበትም ቦታ ዱሮ በውኃ የተከበበ ነበር፣ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። አንድ የ16 ዓመት ልጅ እዚህ ላይ ቆም ብሎ "ውኃው የሸሸው ፍርዱ ጊዜው ስላለቀ ቢሆንስ? የሰመጡት ሊወጡ ቢሆንስ?" ብሎ ከጠየቀ መጽሐፉ ተጀምሯል።

ለአስማቱ ሕግ ደግሞ ቅኝቶቹ ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ሁለቱ በኛው አገር ስም ይጠራሉ። አራቱም አምስት አምስት ድምፅ አላቸው፣ ልዩነቱ በድምፆቹ መሀል ባለው ርቀት ነው። በትዝታ ሜጀር ከመነሻው ወደ ሁለተኛው ያለው ርቀት አንድ ሙሉ ድምፅ ነው። በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ግማሽ ብቻ። ባቲ ደግሞ ከመነሻው ሰፊ ዝላይ ይዘልላል። ለእያንዳንዱ አንድ ሥራ ብቻ ስጡት፤ ለምሳሌ ትዝታ ያለፈውን ያሳያል፣ አምባሰል ገደል ያስወጣል። ከዚያ ዋጋውን ጨምሩ፦ በትዝታ ያለፈውን ያየ ሰው በዚያው ልክ ከራሱ ትዝታ አንድ ነገር ይጠፋዋል። የመጀመሪያው የእናቱ ድምፅ ቢሆንስ?

ባቲ_ሰኞ፦

ያ ጀማዐ፣ ቅኝቱ ላይ በጣም እስማማለሁ፤ ግን መንዙማን፣ የወዳጃን ዱዓ፣ ቅዳሴን የአስማት መሣሪያ እንዳታደርጉ። ይህ የሰው አምልኮ ነው፤ ጀማ ንጉሥ መውሊድ የሚሄድ አያት ያለው ልጅ አጠገባችሁ ተቀምጧል። ቅኝት ግን የሁሉም ነው፣ ለዘፈኑም ለሠርጉም። መስመሩን እዚያ ላይ አስምሩት።

ካርታው ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። የጀማሪ ፋንታሲ በብዛት የሚወድቀው በመንገድ ሒሳብ ነው፤ ጠዋት ተራራ ላይ የነበረ ሰው ማታ በረሃ ላይ ይዋጋል። ደሴ ለኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ ባቲ ሌላ 40 ገደማ ነው። የተጫነ በቅሎ ይዞ በቀን 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነጋዴ ቅዳሜ ንጋት ከደሴ ቢነሣ፣ ሁለት ሌሊት መንገድ ላይ አድሮ ሰኞ ጠዋት ገበያው ሳይበተን ይደርሳል። እግረ መንገዱን ወደ 1,000 ሜትር ይወርዳል፤ ጋቢ ደርቦ የወጣው ሰው ባቲ ሲደርስ ጋቢውን በቅሎዋ ላይ ጭኖታል፣ ዛፉም ግራር ሆኗል። ከዚያ ማዶ የአፋር ግመል ነጋዴ ይጠብቀዋል። ይህንን ሙቀት፣ ቋንቋ፣ የእንስሳ ዓይነት ለውጥ በሁለት ቀን መንገድ ውስጥ የሚሰጥ አገር ይዞ የባዕድ ጫካ መፈልሰፍ ያሳዝናል።

ዘመኑን እንደ ግሸን ታጋቾች ዘመን ካደረጋችሁት ባሕር ዛፍ አይኑር፤ የገባው በአፄ ምኒልክ ጊዜ ነው። በርበሬ፣ በቆሎና ድንችም መነሻቸው ከአሜሪካ ምድር ስለሆነ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ማዕድ ላይ ቀይ ወጥ ማቅረብ አይሆንም። "ዓለሙ የተፈጠረ ነው" ብላችሁ ማለፍ ትችላላችሁ፤ ያን ጊዜ ግን አውቃችሁ እለፉት።

አንድ ለሐይቅ ዳር። መሣሪያው ክራር ነው ማሲንቆ? ይህ ወሳኝ ነው። ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ገመድ ስላለው የድምፁ ከፍታ የሚለየው በጣት ነው፤ ገመዱን እንደገና ሳያጠብቁ ከቅኝት ወደ ቅኝት መሻገር ይቻላል። ክራር ግን ተቃኝቶ ነው የሚመታው። በውጊያ መሀል ቅኝት ልቀይር ያለ የክራር ተጫዋች ቁጭ ብሎ ገመድ ማጥበቅ አለበት።

ጦሳ_ሥር፦

ባቲ ሰኞ፣ ይሄ ነገር ደስ ብሎኛል። እንግዲህ ለንባቡ አካታ ዊችን ይዣለሁ፤ የኧርዝሲውን ለ11ኛና ለ12ኛዎቹ እንደ ትርፍ እሰጣቸዋለሁ። ለጽሑፉ ልምምድ ግን አንድ ጥያቄ፦ በክራር ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ለመሻገር ስንት ድምፅ ይቀየራል? ሁሉም እኩል ይከብዳል?

የሐይቅ_ዳር፦

እኩል አይደለም፤ ጨዋታውም እዚያ ላይ ነው። ከአምባሰል ወደ አንቺ ሆዬ ሁለት ድምፅ ብቻ ነው የሚነካው፤ አራተኛው በግማሽ ይወርዳል፣ አምስተኛው በግማሽ ይወጣል። ከትዝታ ሜጀር ወደ አምባሰል ሦስት ድምፅ ይቀየራል፤ ሁለተኛውና አምስተኛው በግማሽ ይወርዳሉ፣ ሦስተኛው በግማሽ ይወጣል፣ መነሻውና አራተኛው ባሉበት ይቆያሉ። ክራሩ ስድስት ገመድ ካለው አንዱ ድምፅ ይደገማል፤ የተደገመው ከሚቀየሩት አንዱ ከሆነ መቃኘት ያለበት ገመድ በአንድ ይጨምራል። ስለዚህ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ጎረቤት ጉልበቶች ናቸው፣ ትዝታ ራቅ ይላል። ጠላት ይህን ካወቀ፣ ጀግናዋ በትዝታ ቃኝታ ሳለች ነው ገደል አፋፍ ላይ የሚጠብቃት።

ለልጆቹ እንዲህ ስጫቸው። አንድ ትዕይንት፣ ከ400 ቃል ያልበለጠ። ባለ ክራሯ በአንድ ቅኝት ትጀምራለች፣ አንድ ጊዜ ብቻ መቀየር ይፈቀድላታል። ስትቃኝ የሚያልፈው ጊዜ በገጹ ላይ ይታይ፤ አብሯት ያለው ሰው በዚያች ጊዜ ምን እየሆነ ነው? የአስማቱ ዋጋ ከትዕይንቱ ማለቂያ በፊት ይከፈል፣ "በኋላ" አይባል። አዲስ ጉልበት ያበቀለ ወረቀት ተመልሶ ይጻፍ።

ባቲ_ሰኞ፦

ገመድ ቢበጠስባትስ? እሱንም ፍቀዱላቸው፤ ግን መጠባበቂያው ገመድ ቀደም ብሎ በታሪኩ ውስጥ ታይቶ ከሆነ ብቻ።